ማንቃትና መቀስቀስ፦ በአንድ የመመሪያ ዐረፍተ ነገር ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

ስለ ሙያ ቃላት የሚጻፍ ሂስ እንደ ልማዱ ከቃላት ዝርዝር ይነሣል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከአንድ ዐረፍተ ነገር ልንነሣ ወደድን። ዐረፍተ ነገሩ የተገኘው ላፕቶፕን ከትልቅ ስክሪን፣ ከቁልፍ ሰሌዳና ከማውስ ጋር ለሚያገናኝ መሣሪያ በአማርኛ ከተዘጋጀ የአጠቃቀም መመሪያ ውስጥ ሲሆን፣ እንዲህ ይላል፦

«ላፕቶፑ ከተዘጋ በኋላ በውጭ መሣሪያ ማንቃት እንዲቻል ይህን ምርጫ ያንቁ።»

የመመሪያውን አዘጋጅ ስም መጥቀስ አላስፈለገንም፤ ጉድለቱ የአንድ ተርጓሚ ሳይሆን በዚህ ሙያ የተሠማራን የብዙዎቻችን ነውና። ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም፤ ከ«ላፕቶፕ» በቀር ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ናቸው፤ አጭርም ነው። ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ሐረግ በፊደል ገልብጦ ከማለፍ ይልቅ የአገር ቃል ለመፈለግ መድከሙ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም ዐረፍተ ነገሩ በትክክል የሚገባው ነገሩን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ደግሞ መመሪያ አያነብም።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። የመዝገበ ቃላት ሥራ ባልደረባችን የሆነ ሰው በዚሁ መመሪያ ተመርቶ ላፕቶፑን ከትልቅ ስክሪን ጋር አገናኘ፤ ክዳኑን ገጥሞም አጠገቡ ባኖረው ቁልፍ ሰሌዳ ግማሽ ቀን ሲጽፍ ዋለ። ለምሳ ወጥቶ ሲመለስ ስክሪኑ ጨልሞ አገኘው። ቁልፍ ቢጫን፣ ማውስ ቢያንቀሳቅስ መልስ የለም። መመሪያውን ገልጦ «ከተዘጋ በኋላ» የሚለውን ሲያነብ ላፕቶፑ ጠፍቷል ብሎ ደመደመ። የጠፋን መሣሪያ ማብራት ጉዳት የለውምና በላፕቶፑ ጎን ያለውን ማብሪያ እስኪበራ ድረስ ተጭኖ ያዘው። ላፕቶፑ ግን አልጠፋም ነበር፤ ተኝቶ ነበር። ማብሪያውን ለአፍታ ነክቶ ቢለቀው ይነቃ ነበር፤ አስረዝሞ በመያዙ ግን ጭራሹን ጠፋ። ወደ ዲስክ ያላስገባው የግማሽ ቀን ሥራም አብሮ ሄደ።

ባልደረባችን ጥፋቱን በራሱ አሳበበ። እኛ ግን ዐረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ስንመረምረው ጥፋቱ ያለው ከቃላቱ ላይ መሆኑን ተረዳን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ማሳየትና፣ አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ከእንግሊዝኛው የተሻለ መለያ ይዞ ሳለ ተርጓሚዎቹ ያን መለያ እንዴት እንዳጣነው ማስረዳት ነው።

2. የነገሩ አሠራር

ከቃሉ በፊት ነገሩን ማየት ይበጃል። የኮምፒውተር የኀይል ሁኔታዎች በሰፊው የሚመደቡት፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡትና ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዩኢኤፍአይ መድረክ በሚያስተዳድረው «ኤሲፒአይ» በተባለ መስፈርት መሠረት ነው። መስፈርቱ ከኤስ0 እስከ ኤስ5 የሚቈጠሩ ደረጃዎች አሉት። ኤስ0 መሣሪያው በሥራ ላይ ያለበት፣ ኤስ5 ደግሞ የጠፋበት ነው። በመካከል ያሉት አራቱ፣ ማለትም ከኤስ1 እስከ ኤስ4 ያሉት፣ በመስፈርቱ በአንድነት የእንቅልፍ ሁኔታዎች ይባላሉ።

ለያዝነው ጉዳይ ከአራቱ ሁለቱ ይበቁናል። በኤስ3 ፕሮሰሰሩ ሥራውን ያቆማል፤ ማኅደረ ትውስታው ግን የያዘውን እንዳይረሳ ጥቂት ኀይል ይደርሰዋል። ኀይሉ በዚህ ጊዜ ከተቋረጠ የተያዘው ሁሉ ይጠፋል። በኤስ4 ግን በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለው ሁሉ አስቀድሞ ወደ ዲስክ ስለሚገለበጥ፣ ኀይል ቢቋረጥም ሥራው አይጠፋም። ከዚህ ሌላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ኮምፒውተሩ በኤስ0 እንዳለ እጅግ ዝቅተኛ ኀይል እየወሰደ የሚያርፍበት አሠራር ተስፋፍቷል። ተጠቃሚው ይህንንም «እንቅልፍ» በሚል ስም ያገኘዋል። እንግዲህ በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች አሠራራቸው የተለያየ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ዋና ነገር፣ የተኛ ኮምፒውተር ሁለንተናው የተኛ አለመሆኑ ነው። ሁሉም ክፍል ቢተኛ ኖሮ የሚቀሰቅሰውን የሚሰማ ባልኖረ ነበር። ማብሪያውን፣ ክዳኑን፣ ሰዓቱን፣ መሰኪያዎቹን የሚጠብቅ ተረኛ ክፍል በጥቂት ኀይል ነቅቶ ያድራል።

ከቁልፍ ሰሌዳው በኩል ያለውም ሥርዓት አለው። የመጀመሪያ እትሙ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩኤስቢ መስፈርት እንደሚያዝዘው፣ መስመሩ ከ3 ሚሊሰኮንድ በላይ ዝም ሲል በመስመሩ ላይ ያለው መሣሪያ ሥራውን ገትቶ የኀይል ፍጆታውን ይቀንሳል። መሣሪያው ኮምፒውተሩን ለመቀስቀስ ችሎታ ካለው፣ ይህን ችሎታውን ሲሰካ ስለ ራሱ በሚሰጠው መግለጫ ያሳውቃል። ችሎታው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ ከመተኛቱ በፊት ለመሣሪያው የመቀስቀስ ፈቃድ መስጠት አለበት። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ መሰኪያው ኮምፒውተሩ በተኛበት ጊዜ ኀይል የሚደርሰው መሆን አለበት። ችሎታ፣ ፈቃድና ኀይል ሦስቱም ሲሟሉ፣ ተጠቃሚው ቁልፍ በተጫነ ጊዜ መሣሪያው ምልክት ይልካል። ኮምፒውተሩም ምልክቱን ተቀብሎ መስመሩን ወደ ሥራ ይመልሳል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ መስፈርቱ የመሣሪያውን ምልክት በአንድ ስም፣ የመስመሩን ወደ ሥራ መመለስ በሌላ ስም መጥራቱ ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

በገመድ አልባ ቁልፍ ሰሌዳ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ደረጃ አለ። ቁልፍ ሰሌዳው የሚያነጋግረው በመሰኪያው ላይ ያለውን ትንሽ ተቀባይ ስለሆነ፣ ለኮምፒውተሩ ምልክት የሚልከው ተቀባዩ ነው። ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጠውም ለተቀባዩ ነው። በሰዋስዋችን አነጋገር ተቀባዩ ቀሰቀሰ፣ ቁልፍ ሰሌዳው ደግሞ አስቀሰቀሰ እንላለን። አማርኛ ይህን ልዩነት በአንድ ምዕላድ ብቻ ይገልጸዋል።

3. የዐረፍተ ነገሩ ቃላት

አሁን ወደ ዐረፍተ ነገሩ እንመለስና ቃላቱን በተራ እንመልከት።

ሀ) «ከተዘጋ»። «ዘጋ» የሚለው ግሥ በኮምፒውተር ነክ አማርኛ ቢያንስ ሦስት ሥራ ይዟል፤ መስኮት ይዘጋል፣ ፕሮግራም ይዘጋል፣ ኮምፒውተሩም ራሱ ይዘጋል። ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ይህ እምብዛም ችግር አላመጣም ነበር። ላፕቶፕ ግን ክዳን አለው፤ ክዳኑም ይዘጋል። ስለዚህ «ላፕቶፑን ዝጋው» የተባለ ሰው ክዳኑን ሊገጥም ወይም ኀይሉን ሊያጠፋ ይችላል። በእኛ ዐረፍተ ነገር የታሰበው የመጀመሪያው ሲሆን ባልደረባችን የተረዳው ሁለተኛውን ነው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ክዳን ያለው ዕቃ በአማርኛ ይከደናል። ድስት ይከደናል፣ ሌማት ይከደናል፤ ላፕቶፕም «ይከደን» ቢባል የሚስቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም፤ ቢስቅም ነገሩን ከተረዳ ወዲያ ነው። ኀይልን በሚመለከት ደግሞ «አጠፋ» ብቻ ይበቃል።

ለ) «የውጭ መሣሪያ»። ከላፕቶፑ አካል ውጭ ያለ ማለት ነው። ነገር ግን «የውጭ» የሚለው ቅጽል በዘመናዊው አማርኛ «የውጭ አገር» የሚለውን ካሳጠረ ቈይቷል፤ «የውጭ ዕቃ» የምንለው ከባሕር ማዶ የመጣውን ነው። «መሣሪያ»ም ብቻውን ሲቆም ለብዙ አንባቢ ጠመንጃን ያስታውሳል። ሁለቱ ሲጋጠሙ «የውጭ መሣሪያ» የኮምፒውተር መመሪያ ሳይሆን የጦር ዜና ይመስላል። «ተሰኪ» ይባል የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል፤ ሆኖም ቃሉ ለፕሮግራም ቅጥያዎች መጠሪያ ሆኖ ማገልገል ጀምሯል፤ በገመድ አልባው ቁልፍ ሰሌዳ ረገድም የሚሰካ ነገር የለም። እኛ «ተጓዳኝ መሣሪያ» የሚለውን እንመርጣለን። መሰካትንም ሆነ አለመሰካትን ሳያነሣ፣ ከዋናው ጎን ሆኖ የሚሠራ መሆኑን ይገልጻል።

ሐ) «ማንቃት» እና «ያንቁ»። የዐረፍተ ነገሩ ዋና ሕመም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ግሥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ ፍቺው ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የተኛውን ኮምፒውተር ከእንቅልፍ ማስነሣት ማለት ነው። ሁለተኛው ምርጫው ሥራ ላይ እንዲውል ማድረግ ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ፍቺ የተርጓሚው ፈጠራ አይደለም። ዛሬ በአማርኛ በሚሠሩ ስልኮችና የድር ማሰሻዎች ላይ «አንቃ» እና «አሰናክል» ተቃራኒ ጥንድ ሆነው አንድን አሠራር መፍቀድንና መከልከልን እንዲያመለክቱ ተደርገዋል። ተርጓሚው ለሁለተኛው ፍቺ የተለመደውን ቃል ተጠቀመ፤ ለመጀመሪያው ደግሞ መዝገበ ቃላቱ የሰጠውን። ሁለቱም በየግላቸው ሲታዩ የሚያስኬዱ ነበሩ፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ ግን ተዋጉ። ባልደረባችን ዐረፍተ ነገሩን «ለማንቃት አንቃ» ብሎ ስላነበበው፣ አስቀድሞ ሊሰጥ የሚገባ ፈቃድ መኖሩን አላወቀም። ቁልፍ ሰሌዳው ዝም ያለውም በዚህ ምክንያት ነበር፤ ፈቃድ አልነበረውም።

4. ነቃ፣ አነቃ፣ ቀሰቀሰ

አማርኛችን ለዚህ ነገር ምን አለው? ብለን እንጠይቅ።

«ነቃ» ከግእዙ «ነቅሀ» የመጣ ነው። ይህ ግሥ ሌላ «ነቃ» የሚባል መንትያ አለው፤ እሱም ከ«ነቅዐ» የመጣና «ተሰነጠቀ» የሚል ፍቺ ያለው ነው፤ «ንቃቃት» የምንለው ከዚህ ይወጣል። የጉሮሮ ድምፆች ከአማርኛ ሲጠፉ ሁለቱ ግሦች ተመሳሰሉ። ስለዚህ «ስክሪኑ ነቅቷል» ቢባል ከሁለት አንዱን መጠርጠር ይቻላል፤ «ኮምፒውተሩ ነቅቷል» ሲባል ግን ዐውዱ ፍቺውን ይለያልና ይህ ትልቅ እንቅፋት አይሆንም።

«አነቃ» የ«ነቃ» አድራጊ ነው። ነገር ግን ይህ ግሥ ከአብዮቱ ዘመን ወዲህ ከእንቅልፍ ይልቅ ለኅሊና ሲሠራ ኖሯል። «ማንቃት፣ ማደራጀት» የሚለውን የሰማ ትውልድ «አነቃ» ሲባል የሚታየው ከመኝታው የተነሣ ሰው ሳይሆን ነገር የገባው ሰው ነው። «ማን አነቃው?» ብለን ብንጠይቅ የተጠየቀው፣ ነገሩን ማን ሹክ አለው ማለታችን ይመስለዋል። በየቤቱ ማለዳ የሚባለውን ብናዳምጥ ደግሞ እናት ልጇን «ቀስቅሽው» እንጂ «አንቂው» ብላ ስታዝ አንሰማም።

«ቀሰቀሰ» ከአነቃ የሚለየው በዚህ የአነጋገር ልማድ ብቻ አይደለም። ዋናው ልዩነት በፍቺው ውስጥ ነው። አነቃ ውጤቱን በውስጡ ይዟል፤ ያነቁት ነገር ነቅቷል ማለት ነው። ቀሰቀሰ ግን የቀስቃሹን ድርጊት ብቻ ይናገራል፤ የተኛው ይንቃ አይንቃ ገና አልታወቀም። ይህን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። «ቀሰቀስሁት፤ አልነቃም» ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ ማንም ይለዋል። «አነቃሁት፤ አልነቃም» ግን ራሱን ያፈርሳል። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይነቃም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም የቆመው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። በ«ቢቀሰቅሱት» ቦታ «ቢያነቁት» ብንተካ ምሳሌው ይፈርሳል።

ይህ ልዩነት በመሣሪያውም አሠራር ውስጥ አለ። ከላይ እንዳየነው የዩኤስቢ መስፈርት የመሣሪያውን ምልክት ከመስመሩ ወደ ሥራ መመለስ ለይቶ ይጠራል። ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ኤኤምዲና ሂውሌት ፓካርድ በ1995 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቁት ዘዴ የተኛ ኮምፒውተር በኔትዎርክ በኩል ይቀሰቀሳል። የሚላከው መልእክት መጀመሪያ 6 ባይት መለያ አለው፤ ከዚያም የተፈላጊው ኮምፒውተር የኔትዎርክ ካርድ 6 ባይት አድራሻ 16 ጊዜ ይደጋገማል፤ በድምሩ 102 ባይት ነው። ኮምፒውተሩ ተኝቶ ሳለ ነቅቶ የሚጠብቀው ካርድ የገዛ አድራሻው መደጋገሙን ሲያረጋግጥ የመቀስቀሻ ምልክት ይሰጣል። መልእክቱን የላከው ሰው በስሙ 16 ጊዜ ጠርቶታል፤ ካርዱ ፈቃድ ከሌለው ወይም ኀይል ካልደረሰው ግን የተጠራው አይሰማም። እንግዲህ የላኪው ድርጊት መቀስቀስ ነው፤ ማንቃት ሊባል አይችልም።

የተገላቢጦሹም አለ። ኮምፒውተር በውስጡ ባለው ሰዓት በተቀጠረለት ጊዜ ማንም ከውጭ ሳይነካው ሊነሣ ይችላል። ይህን አማርኛ «ማንም ሳይቀሰቅሰው ነቃ» ብሎ በአንድ ሐረግ ይገልጸዋል። ላፕቶፑ ሌሊት እየተነሣ ባትሪው ተሟጦ የሚያገኘው ተጠቃሚ የሚጠይቀው ጥያቄም «ማን ቀሰቀሰው?» የሚል ነው። ሥርዓተ ክወናው መጨረሻ ላይ የቀሰቀሰውን መሣሪያ ስም መዝግቦ እንደሚይዝ ስናስብ፣ መዝገቡ «ቀስቃሽ» የሚል አርእስት ቢሰጠው ጥያቄና መልስ በአንድ ቃል ይገናኛሉ።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፤ የተጓዳኙ መሣሪያ ድርጊት «ቀሰቀሰ»፣ የኮምፒውተሩ ወደ ሥራ መመለስ «ነቃ» ይባል። «አነቃ» ከሁለቱም ይውጣ።

5. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከተርጓሚዎች ዘንድ ይመጣል። ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል የሚለው ደንብ ይፈርሳል ይላሉ። በተለይም ዛሬ ተርጓሚው የሚሠራው ያለፈውን ትርጉም እያወጣ በሚያቀርብለት ፕሮግራም ስለሆነ፣ አንድ ቃል ሁለት አቻ ሲኖረው ሥራው ይታወካል። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ስያሜ የሚሰጠው ለጽንሰ ሐሳብ እንጂ ለባዕድ ቃል አይደለም። እንግሊዝኛው «ዌክ» በሚለው አንድ ቃል የቀስቃሹንም የነቂውንም ድርጊት ይናገራል፤ የመስፈርት ጸሐፊዎች ልዩነቱን ለማስጠበቅ ተጨማሪ ቃላት መደርደር ግድ የሆነባቸውም በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ሁለት ቃል እያለን በአንዱ ብቻ መወሰን የባዕዱን ቋንቋ ድኽነት መተርጐም ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ቀሰቀሰ» የፖለቲካ ቃል ሆኗል የሚል ነው። እርግጥ «ቅስቀሳ» ስንል የምርጫ ዘመቻ ይታየናል፤ «ቀስቃሽ»ም እንዲሁ። ለዚህ ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፣ ይህ ጥላ የወደቀው በተለይ «ቅስቀሳ» በሚለው ስም ላይ ነው። ግሡና «መቀስቀሻ» የሚለው የመሣሪያ ስም ከጥላው ነፃ ናቸው። ስለዚህ «የቅስቀሳ ምልክት» ከማለት «የመቀስቀሻ ምልክት» ማለት ይሻላል። ሁለተኛ፣ «አነቃ»ም ከዚህ ጥላ አላመለጠም፤ ከላይ እንዳየነው እንዲያውም ይብስበታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የተለመደውን የውሰት ቃል እንያዝ የሚል ነው። በየቢሮው «ስሊፕ አድርጎታል» ሲባል እንሰማለን። ንግግሩን ለመከልከል የሚነሣ የለም፤ «ላፕቶፕ»ንም በዚህ ጽሑፍ እኛው ራሳችን ያለ ሐፍረት ተጠቅመንበታል። ለዕቃው ስም የውሰት ቃል ችግር አላመጣም። ድርጊትን በሚመለከት ግን «ዌክ አድርገው» የሚለው አነጋገር የእንግሊዝኛውን መደባለቅ እንዳለ ይዞ ይገባል፤ «ዌክ አድርጌው ዌክ አላደረገም» ብሎ ለመናገር የሚደፍር ያለ አይመስለንም።

አራተኛው ከግእዝ ወዳጆች የሚመጣ ነው። ለእንቅልፍ «ንዋም» የሚል ግርማ ያለው ቃል ሳለ ለምን «እንቅልፍ»? ይላሉ። ከግእዝ መቅዳት በዚህ ሙያ የቈየና ብዙ ፍሬ የሰጠ መንገድ ነው፤ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ከዚህ ምንጭ ቀድቷል። ነገር ግን ወደ ግእዝ የምንሄደው አማርኛው ሲጐድል ነው። «እንቅልፍ»ን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ «ተኛ»ም «አስተኛ» የሚል ሕያው አስደራጊ አለው። «አንቀላፋ» እና «አረፈ» ግን ለመሣሪያ አይመቹም። ሁለቱም በአክብሮት አነጋገር ሞትን ያመለክታሉ። የመሣሪያው ባለቤት ደግሞ ሊረጋገጥለት የሚፈልገው ዋና ነገር መሣሪያው አለመሞቱን ነው።

6. ስለ «መክረም» አጭር ማስታወሻ

በአሠራሩ ክፍል ኤስ4 ያልነው ሁኔታ በእንግሊዝኛ ለተጠቃሚው የሚቀርበው «ሃይበርኔት» በሚል ስም ነው። ይህን በ«እንቅልፍ» ብቻ መተርጐም ለያዝነው ጉዳይ ጉዳት አለው። በዚህ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ ለመሰኪያዎቹ ኀይል አይደርስም፤ ስለዚህ ቁልፍ ሰሌዳው ፈቃድ ቢኖረውም ሊቀሰቅስ አይችልም፤ ማብሪያውን መጫን ግድ ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ስም ከተጠሩ አንባቢው ትናንት የሠራው ቁልፍ ሰሌዳ ዛሬ ለምን ዝም እንዳለ አያውቅም።

የእንግሊዝኛው ቃል ሥር በላቲን ብርዳማውን ወቅት የሚመለከት በመሆኑ፣ «የክረምት እንቅልፍ» የሚል ትርጉም ሊያስብ የሚችል አለ። በእኛ አገር ግን ክረምት የሚታረስበትና የሚዘራበት እንጂ የሚተኛበት አይደለም። ሐረጉ የሌላውን አገር የአየር ጠባይ በአማርኛ ቃል ያወራል። «ከረመ» የሚለው ግሥ ግን ከዚያው ከክረምት ሥር ሆኖ፣ ወቅቱን አልፎ በሕይወት መገኘትን ይናገራል። «እንዴት ከረምህ?» ስንል፣ «በሰላም ያክርመን» ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው። ሥራን በዲስክ አኑሮ የኀይል መቋረጥን ማሳለፍ ማክረም ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «ከረመ»፣ ተጠቃሚው «አከረመው»፣ ሁኔታው «መክረም» ቢባል እንደግፋለን። ተኝቶ ያደረን ተጓዳኝ ይቀስቅሰው፤ የከረመን ማብሪያው ያስነሣው።

7. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የቀረበውን ስናጠቃልል፣ ለመመሪያና ለትርጉም ሥራ የምናቀርባቸው ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው። ለላፕቶፑ ክዳን «ከደነ»፤ ለኀይል «አጠፋ» እና «አበራ»፤ ለእንቅልፍ «ተኛ» እና «አስተኛ»፤ በዲስክ ለማኖር «ከረመ» እና «አከረመ»፤ ከላፕቶፑ አካል ውጭ ላለው ዕቃ «ተጓዳኝ መሣሪያ»፤ ለተጓዳኙ ድርጊት «ቀሰቀሰ»፤ ለኮምፒውተሩ መነሣት «ነቃ»፤ ለምርጫው «ፈቀደ» እና «ከለከለ»። የመጨረሻው ጥንድ «አንቃ» እና «አሰናክል» በሚሠራባቸው ቦታዎች ሁሉ ይተካቸው አንልም፤ ያ ሌላ ጥናት ይፈልጋል። እንቅልፍና መቀስቀስ በሚነሣበት ገጽ ላይ ግን «አንቃ» ለመፍቀድ እንዳይገባ አጥብቀን እንጠይቃለን።

በእነዚህ ስያሜዎች የተነሣንበት ዐረፍተ ነገር እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ላፕቶፑ ተከድኖ በተኛ ጊዜ ተጓዳኝ መሣሪያ እንዲቀሰቅሰው ከፈለጉ፣ አስቀድመው ለመሣሪያው የመቀስቀስ ፈቃድ ይስጡት። ቢቀሰቀስ ካልነቃ፣ ማብሪያውን ለአፍታ ተጭነው ይልቀቁ፤ ከ4 ሰኮንድ በላይ ከያዙት ግን ይጠፋል፤ ያላስቀመጡት ሥራም ይጠፋብዎታል።»

የእኛው ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ሁለት ዐረፍተ ነገርም ሆኗል። አራት ሰኮንዱ ከራሱ ከኤሲፒአይ መስፈርት የተወሰደ ነው፤ ማብሪያው ከዚያ በላይ ተጭኖ ከተያዘ ኮምፒውተሩ ሥርዓተ ክወናውን ሳይጠይቅ ይጠፋል። የገጽ ቦታ ለጠበበው አዘጋጅ ይህ ርዝመት ቅር ሊለው ይችላል። ሆኖም «ቢቀሰቀስ ካልነቃ» የሚለውን ሐረግ እንዲያስተውለው እንለምናለን። «ቢነቃ ካልነቃ» ተብሎ ሊጻፍ አይችልም፤ «ዌክ» የሚለው ቃል ብቻ በእጁ ያለ ጸሐፊም ይህን ለማለት ይቸገራል። ሐረጉ ከአማርኛ ሌላ ምንም አልተበደረም፤ ባልደረባችንን ከማብሪያው ላይ እጁን እንዲያነሣ ሊያደርገው ይችል የነበረውም እሱው ነው።

በመጨረሻ፣ ለተርጓሚ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምናሳስበው አንድ ልማድ አለ። ለባዕድ ቃል አቻ ከመፈለጋችን በፊት፣ ነገሩ በቤታችን ቢደርስ ምን እንል ነበር? ብለን እንጠይቅ። ማለዳ አንድ ሰው ተኝቷል፤ ሌላው ቆሞ ትከሻውን ይነቀንቀዋል። ይህን የሚገልጸውን ቃል ሁላችንም ከልጅነት ጀምረን እናውቀዋለን፤ በመመሪያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን አልነበረም።